የንግድ ሥራ ተማሪ በምን ይመዘን?

በየመኝታ ክፍሉ፣ በተለይ ከእራት በኋላ፣ አንድ ክርክር አይጠፋም። «ንግድ ሥራ የሚማር ሰው ሌላው ያቃተው ነው» የሚሉ አሉ። እንዴ! ይህ አባባል እኮ እኛንም አሳምሮ ያውቀናል። «ነጥብ ያልመጣለት አስተማሪ ይሁን» ሲባል ያልሰማ እጩ መምህር በዚህ ግቢ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ በሌላው ሙያ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ተማሪው እስኪመረቅ የሚሄድበትን መንገድ ማየት ይገባናል እላለሁ።

የንግድ ሥራ ትምህርት በአገራችን የትናንት አይደለም። በሰንጋ ተራ የሚገኘውና ሕዝቡ «ኮሜርስ» የሚለው ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1935 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ለየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ለብዙ ዘመን ሲያፈራ ኖሯል። የያኔው መመዘኛ ግልጽ ነበር፤ በደቂቃ ስንት ቃል ትተይባለህ? መዝገቡስ ይመጣጠናል ወይስ አይመጣጠንም? በአፍ የሚሸፈን ነገር አልነበረም።

የዛሬውስ? አካውንቲንግ በዲግሪ ደረጃ የሚማር ተማሪ አራት ዓመት ይማራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመንግሥትም በግልም ተቋማት የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ተቀምጦ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። የፈተናውን መምጣት በበኩሌ አልቃወምም። የመመረቂያ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ቤት እየተገዛ እስከ መቼ ይኖራል? ነገር ግን ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ነው። ትክክለኛውን መልስ ከአማራጮች መካከል መምረጥና የአንድ ወር ደረሰኝ ዘርግቶ ዴቢቱን ከክሬዲቱ ማስታረቅ አንድ አይደሉም።

የአክስቴ ልጅ ስሙን በማልጠራው የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ተምራ፣ ኮርሶቹን በሙሉ አልፋ፣ በ2016 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናውን ወደቀች። «ምን አስተማሯችሁ?» ብላት «ሃንድአውት» አለችኝ። ለተግባር ልምምድ የተላከችበትም መሥሪያ ቤት ፋይል ከፎቅ ፎቅ ስታመላልስ ነው የከረመችው፤ መዝገብ የሚያስነካት አልተገኘም። ከዚያ በሰፈራችን ባለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ተቀጠረች። ባለሱቁ የዱቤ ሒሳቡን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ነበር የሚጽፈው። እሷ ገቢና ወጪውን ዕለት ዕለት በደብተር እየመዘገበች ማን ስንት እንዳለበት ለየችለት። ከፍሎ ጨርሷል ተብሎ የተተወ አንድ ኮንትራክተር እንኳ ያልከፈለው የሚስማርና የሲሚንቶ ሒሳብ ተገኘበት። በኋላ ፈተናውን ደግማ አለፈች፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ስኬቷ የቱ ነው ብባል ደብተሩን አስቀድማለሁ።

እስቲ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችን እንመልከት። ብዙዎች ዝቅ አድርገው የሚያዩዋቸው እነዚህ ተማሪዎች ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ሲወስዱ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተግባርም ይፈተናሉ። እኛም ብንሆን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ መምህራችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የጠመኔ አያያዛችንን ሳይቀር ያያሉ (ላቡን የቀመሰ ያውቀዋል)። ታዲያ የሰው ገንዘብ የሚጠብቅ ባለሙያ ሥራው ሳይታይ ለምን ይመረቃል?

«ለዚህ ሁሉ ተማሪ መለማመጃ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። እድር የሌለበት ሰፈር የት አለ? አምስት ተማሪ ለአንድ እድር ቢመደብ፣ የዓመቱን መዋጮና ወጪ መዝግቦ ሒሳቡን በአባላቱ ፊት ቢያነብ፣ መምህሩም ያንኑ መዝገብ አርሞ ነጥብ ቢሰጥ፣ ይህን ያህል ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የእድሩ ዳኛ ያልገባውን ይጠይቃል። እናቶችም «የድንኳኑ ኪራይ የት ገባ?» ማለታቸው አይቀርም። ከእነሱ የባሰ ፈታኝ እኔ አላውቅም።

በመኝታ ክፍል የተከራከራችሁኝ ልጆች፣ መልስ ካላችሁ ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ስጡ። ከዚህ ጽሑፍ ጎን ባዶ ቦታ አለ።