የናና ገበሬ መዋጮ የማን ገንዘብ ነው?

«ኮሚሽን» ሲባል የደላላ ድርሻ ትዝ የሚለው አንባቢ አይጠፋም። የዛሬው ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን፣ ዋሽንግተንና አይዳሆ ግዛቶች፣ ናና የሚያመርቱ ገበሬዎች በግዛቱ ሕግ የቆመ «የናና ኮሚሽን» አላቸው። የተቋቋመው ገበሬውን ለመደገፍ ነው፤ መደገፊያው ገንዘብ ግን ከዚያው ገበሬ ኪስ ይወጣል።

አሠራሩ ለነጋዴ እንግዳ አይሆንም። እኛ ሻይ ላይ ጣል የምናደርጋት ናና እዚያ በሰፊ ማሳ ትታጨዳለች፣ በእንፋሎት ትነጠራለች፣ ዘይቷ በፓውንድ ይሸጣል። የመጀመሪያው ገዢ ለገበሬው ሲከፍል መዋጮውን ቆርጦ አስቀርቶ ለኮሚሽኑ ያስገባል። ሰብሳቢው እንግዲህ ነጋዴው ነው፤ ደመወዝ ግን የለውም! በዋሽንግተን ሕግ ያልተከፈለ መዋጮ እንደ ዕዳ ይቆጠራል፤ ኮሚሽኑ ከሶ ማስከፈል ይችላል።

ይህን ያህል ሥልጣን ለምን? እኔ ምክንያት አለው ባይ ነኝ። ቬርቲሲሊየም የሚባለው አጠውላጊ በሽታ አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ለዓመታት አይወጣም፤ በበሽተኛ ችግኝም ከማሳ ማሳ ይዛመታል። አንዱ ገበሬ ከኪሱ ከፍሎ ቢያስመረምር ጎረቤቱ በነፃ ይጠቀማል። ሁሉም ጎረቤቱን ከጠበቀ ደግሞ ማሳው ያልቃል። ለምርምር የሚቆረጥ መዋጮ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ማስታወቂያ ላይ ነው። የናና ዘይት ዋና ገዢዎች የማስቲካና የጥርስ ሳሙና ፋብሪካዎች ናቸው፤ በጣት የሚቆጠሩ። ለእነሱ በሬዲዮ «ናና ግዙ» ማለት ገንዘብ መበተን ነው።

ሕጉም የሚናጋው እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የካሊፎርኒያ ፍራፍሬ አምራቾች ለማስታወቂያ በግድ መክፈል የመናገር ነፃነታችንን ይነካል ብለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረቡና በ5 ለ4 ድምፅ ተረቱ። በ2001 አንድ የእንጉዳይ ድርጅት ተመሳሳይ ክርክር ይዞ በ6 ለ3 ረታ። በ2005 የከብት ሥጋ መዋጮ ሲመጣ ፍርድ ቤቱ «ማስታወቂያው የመንግሥት ንግግር ነው» ብሎ መዋጮውን አጸደቀ። ጉዳዮቹ የፌዴራል ቢሆኑም ሕገ መንግሥቱ ግዛቶችንም ያስራል።

ውጤቱን እንመልከት። ኮሚሽኑ መዋጮውን ከክስ ለማዳን «እኔ የመንግሥት አካል ነኝ» ማለት ይቀለዋል። ያን ጊዜ «የራሴ» ብሎ ድምፅ የሰጠበት ገበሬ፣ የሚከፍለው ለሹም መሆኑ ነው። ማስታወቂያ ያተረፈለት ይህን ነው።

አንድ ነገር አይምታታ፤ ምን ያህል ዘይት ገበያ ይውጣ የሚለው የኮሚሽኖቹ ሥልጣን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣ የፌዴራል ደንብ መሠረት የምዕራቡን የስፒርሚንት ዘይት መጠን አንድ የአምራቾች ኮሚቴ ሐሳብ ያቀርባል፣ የግብርና ሚኒስቴሩ ይወስናል፤ ከኮታ የተረፈው መጋዘን ይገባል። የዋጋ ተስፋ ያለው ነጋዴ ጆሮውን ወደዚያ ይጣል።

ለኮሚሽኖቹ ግን ሕጉ መዋጮውን በምርምር ቢወስነው፣ በየጥቂት ዓመቱም ከፋዩ «ይቀጥል ወይስ ይቅር» ተብሎ ቢጠየቅ እመርጣለሁ። ቆራጩ ነጋዴም በደረሰኙ ላይ መዋጮውን ለብቻው በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ገበሬው ስንት እንደተነሳበት ከዋጋው ውስጥ እየፈለቀቀ አይፈልግ።