የአቧራ መምጠጫው መኪና ባለቤት ማን ነው?

የቤት አያያዝ ነገር በሚነገርበት በዚህ ገጽ ዛሬ የምንጽፈው፤ ታላቅም ሆነ ታናሽ ከማናቸውም ቤት ስለማይጠፋው ስለ አቧራ ነው። አቧራን መጥረጊያ አያጠፋውም። ከምንጣፉ አንሥቶ ወደ አየር ይበትነዋል፤ እርሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ በመጋረጃው፣ በወንበሩና በመጻሕፍቱ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚህ የተረፈውም በጠራጊዋ ደረት ውስጥ ይገባል። ከመቶ ሃያና ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በኤውሮፓና በአሜሪካ በታላላቆቹ ቤቶች እንኳ፤ ወፍራሙን ስጋጃ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ በገመድ ላይ ሰቅሎ በዱላ ከመደብደብ በቀር የተሻለ ዘዴ አልነበረም። በ1876 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሜልቪል ቢሴል የተባለ የአሜሪካ ነጋዴ፤ በመንኮራኩር የሚዞር ብሩሽ ያለበት የምንጣፍ መጥረጊያ ሠርቶ ፓተንት አወጣ። ይኸ መሣሪያ ጠራጊውን ከማጎንበስ አዳነው፤ አቧራውን ግን ፈጽሞ አልያዘውም።

ፓተንት ያልነው ቃል ለብዙ አንባቢ አዲስ ባይሆንም፤ ነገሩ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት ጥቂት ልናስረዳ ይገባል። አንድ ሰው ከእርሱ በፊት ያልነበረ መሣሪያ ሲፈጥር፤ አሠራሩን ምንም ሳይደብቅ በጽሑፍና በሥዕል ለመንግሥት ይገልጣል። መንግሥትም በበኩሉ ለተወሰነ ዘመን ያለ እርሱ ፈቃድ ሌላ ሰው ያን መሣሪያ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ የሚከለክል ጽሑፍ ይሰጠዋል። እንግዲህ ይኸ እንደ ውል ያለ ነገር ነው። ፈጣሪው ምሥጢሩን ለሕዝብ ይሰጣል፤ ሕዝቡም ዘመኑን ይሰጠዋል። ዘመኑ ሲፈጸም ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። በአገራችን የመድኃኒት ዐዋቂው ያወቀውን ለአንድ ልጁ ብቻ በጆሮው ነግሮ ሲሞት፤ ልጁ ሳይሰማ ቢቀር ዕውቀቱ አብሮ እንደሚቀበር የታወቀ ነው፤ ፓተንት የዚህ ተቃራኒ ነው። በኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለፈጣሪው ማመልከቻውን ካቀረበበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ይሰጠዋል፤ ፈጠራውም በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። በእንግሊዝ በዚያን ዘመን የነበረው 14 ዓመት፤ በአሜሪካም 17 ዓመት ነበር።

አሁን ወደ አቧራው እንመለስ። ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1871 በግሎስተር ከተማ ተወለደ። ሥራው ድልድይንና የጦር መርከብ ሞተርን መንደፍ ነበር፤ በቪየና ከተማ በ1897 የቆመውንና እስከ ዛሬ ሰው እያሳፈረ የሚዞረውን ትልቁን መንኮራኩር ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ነው። ይኸ ሰው በ1901 በሎንዶን በአንድ የቴአትር አዳራሽ የባቡር ሰረገላ ማጽጃ የሚሆን የአሜሪካ መኪና ሲታይ ሊመለከት ሄደ። መኪናው በላዩ ካለው ሣጥን አየር በኃይል እየነፋ አቧራውን ከወንበሩ ያስነሣና ወደ ሣጥኑ ይመልሰዋል ተብሎ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን የሚበዛው አቧራ ከሣጥኑ አምልጦ ተመልሶ በወንበሩ ላይ ይወርድ ነበር። ሚስተር ቡዝ የመኪናውን ባለቤት ስለ ምን ትነፋለህ፤ ስለ ምንስ አትመጥጥም ብሎ ጠየቀው። ባለቤቱም ይኸ ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ ብዙ ሰዎች ሞክረው አልሆነላቸውም ብሎ ተቈጥቶ መለሰለት።

ሚስተር ቡዝ ነገሩን በልቡ ይዞ ወጣ። ከዚህም በኋላ በቪክቶሪያ መንገድ ባለ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ፤ አፉን በወንበሩ መደገፊያ ከፈይ ላይ አድርጎ ትንፋሹን በኃይል ወደ ውስጥ ሳበ። ሊታነቅ ጥቂት ቀረው፤ ነገር ግን አቧራው እንደሚመጠጥ አወቀ። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ምን እንዳሉት አልተጻፈም። የቀረው ሥራ እንግዲህ በአፉ ፈንታ ፓምፕ፤ በጉሮሮውም ፈንታ አየሩን የሚያሳልፍ አቧራውን የሚያስቀር ጨርቅ ማድረግ ነበር። በነሐሴ 1901 በዚህ አሠራር ላይ ፓተንት አወጣ።

ያ የመጀመሪያው መኪና በእጅ የሚያዝ አይደለም። በቀይ ቀለም የተቀባ በፈረስ የሚሳብ ትልቅ ጋሪ ነበር፤ በላዩም በቤንዚን የሚሠራ ሞተርና ፓምፕ ነበረበት። ጋሪው በመንገድ ላይ ቆሞ ሠራተኞቹ ረጃጅም ቱቦዎችን በመስኮት አስገብተው፤ ምንጣፉን፣ መጋረጃውንና ወንበሩን ከሳሎን ሳይነቃነቅ ያጸዱት ነበር። ከቱቦው አንዱ ክፍል ከመስተዋት የተሠራ ስለ ነበር የሚመጠጠው አቧራ ሲያልፍ ይታያል፤ ስለዚህ የሎንዶን ወይዛዝርት ወዳጆቻቸውን ሻይ ጠርተው የገዛ ቤታቸው እድፍ ሲወጣ ያሳዩዋቸው ነበር። እንግዳ ጠርቶ እድፍን ማሳየት በእኛ ዘንድ ነውር ቢመስልም፤ በዚያን ጊዜ የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ይቈጠር ነበር።

መኪናው ስሙ የገነነው በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ነው። በዓሉ ሰኔ 26 ቀን 1902 ሊሆን ተቈርጦ ሳለ ንጉሡ በድንገት ታመው በሆዳቸው ላይ ቀዶ ጥገና ስለ ተደረገላቸው ወደ ነሐሴ 9 ቀን ተላለፈ። በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በዙፋኑ ሥር የተነጠፈው ሰማያዊ ምንጣፍ ቀኑ ሲቀርብ እድፍ ሆኖ ተገኘ፤ በዱላ ለመደብደብም ጊዜ አልነበረም፤ ስለዚህ የሚስተር ቡዝ ጋሪ ተጠርቶ አጸዳው። ለዚህ በዓል ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ወደ ሎንዶን የተላኩት ልዑል ራስ መኮንን እንደ ነበሩ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ንጉሡም ነገሩን በሰሙ ጊዜ መኪናው በፊታቸው እንዲሠራ አዘዙ፤ ከዚያም አንዱ ለቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሁለተኛውም ለዊንድሶር እንዲሆን ሁለት መኪና ተገዛ።

በመንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ቤት ሥራ በተሠራ ጊዜ ከወለሉ የተመጠጠው አቧራ ብዙ የብር ብናኝ ስለ ነበረበት፤ ሠራተኞቹ ጋሪውን ይዘው ሲወጡ ዘበኞች እንደ ያዟቸው ይነገራል። ከዚህ የሚበልጠው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆነው ነው። በሎንዶን ክሪስታል ፓላስ በተባለው ታላቅ የመስተዋት ሕንጻ ውስጥ የሰፈሩ የባሕር ኃይል ወታደሮች በተላላፊ ትኩሳት ሲታመሙ፤ 15 የቡዝ መኪናዎች ተልከው ከወለሉ፣ ከግድግዳውና ከጣራው ወራጅ 26 ቶን አቧራ አወጡ። ሃያ ስድስት ቶን ማለት ዛሬ በመንገዳችን የምናየው ትልቅ የጭነት መኪና የሚሸከመው ነው፤ ይኸም ሁሉ ሰው በተኛበት ቤት የነበረ ነው።

ነገር ግን መልካም ነገር ያለ ክርክር አይገኝም፤ በችሎት አጠገብ የሚውል ሰው ይኸን ያውቃል። የመኪናው ድምፅ ፈረሶችን ስለሚያስደነብር ባለ ሰረገሎች ኩባንያውን ከሰሱ፤ ፖሊሶችም መኪናው በአውራ ጎዳና ላይ ቆሞ ሊሠራ መብት የለውም አሉ። ይኸ ነገር በእኛ አገር ቀድሞ አፈ ንጉሥ እንደሚባለው ባለ በዋናው የእንግሊዝ ዳኛ ዘንድ ደርሶ፤ ለሚስተር ቡዝ እንደ ተፈረደለት እርሱ ራሱ ስለ መኪናው ታሪክ በጻፈው ጽሑፍ ገልጧል። በ1907 ግን በስም ነገር ያቀረበው ክስ አልተሳካለትም። ሌላ ኩባንያ «አዲሱ የቫክዩም ክሊነር ኩባንያ» ብሎ ራሱን ቢሰይም፤ የቡዝ ኩባንያ ቫክዩም ክሊነር የሚለው ስም የእኔ ነው ብሎ ከሰሰ። ዳኛውም ይኸ ቃል የዕቃውን ሥራ የሚገልጽ ተራ ቃል ነው እንጂ የአንድ ነጋዴ ንብረት ሊሆን አይችልም ብለው ክሱን አልተቀበሉም። የእኔ አሳብ ፍርዱ ትክክል ነው የሚል ነው፤ መጥረጊያን መጥረጊያ ብሎ ለመጥራት ሰው ፈቃድ መጠየቅ የለበትም።

እንግዲህ የሚስተር ቡዝ መኪና ለቤተ መንግሥትና ለታላላቅ ሕንጻዎች የሚሆን ነበር፤ ተራ ቤተሰብ ጋሪውን በቀን ዋጋ ከመከራየት በቀር ሊገዛው አይችልም። ለእልፍኝ የሚሆነውን ያገኘው ሌላ ሰው ነው፤ እርሱም መሐንዲስ አልነበረም። ጄምስ መሪ ስፓንግለር የተባለው ይኸ አሜሪካዊ በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ጠራጊ ነበር። ቀድሞ ለእርሻ የሚሆኑ መሣሪያዎችን ፈጥሮ ፓተንት ቢያወጣም ገንዘብ አላገኘባቸውም፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብም በሌሊት ወለል እየጠረገ ይኖር ነበር። አስም የሚባለው ትንፋሽ የሚያሳጥር በሽታ ስለ ነበረበት መጥረጊያው የሚያስነሣው አቧራ እያሳለ ያስጨንቀው ነበር። ሥራውን ቢተው የሚበላው የለም፤ ቢሠራም ትንፋሹ ያጥረዋል። ስለዚህ በ1907 አንድ የምንጣፍ መጥረጊያ፣ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ማራገቢያ፣ የሳሙና ሣጥንና የመጥረጊያ እጀታ አገጣጥሞ፤ አቧራውን የሚቀበል የትራስ ልብስ በኋላው ሰቀለበት። መልኩ አስቀያሚ ነበር፤ ነገር ግን ይሠራል፤ አንድ ሰውም በአንድ እጁ ይገፋዋል። ሰኔ 2 ቀን 1908 ቁጥሩ 889,823 የሆነ ፓተንት ተሰጠው።

ጽሑፉ በእጁ ነበረ፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ሱዛን ሁቨር የምትባል እመቤት መኪናውን በቤቷ ሞክራ እጅግ ስለ ወደደችው ለባሏ ለዊልያም ሁቨር ነገረችው። ዊልያም ሁቨር የፈረስ ዕቃ፣ ኮርቻና የቆዳ ሥራ ነጋዴ ነበር፤ አውቶሞቢል እየበዛ ሲሄድ ፈረስ ከመንገድ እንደሚወጣ፤ ኮርቻ ሰፊም ሥራ እንደሚፈታ አይቶ ሌላ ንግድ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ፓተንቱን በ1908 ገዛ፤ ስፓንግለርንም ሳይጥለው ከተሸጠው መኪና ድርሻ እንዲከፈለው አድርጎ በሥራው ላይ አቆየው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በአንድ ታላቅ የአሜሪካ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ፤ ማንም እመቤት መኪናውን ለ10 ቀን ያለ ዋጋ በቤቷ ልትሞክር ትችላለች ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ለጻፈችውም እመቤት መኪናውን በከተማዋ ባለ አንድ ሱቅ በኩል ላከላት፤ ባለ ሱቁም በዚሁ የኩባንያው ወኪል ሆነ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከመኪናው ፈጠራ ይኸ የአሻሻጥ ፈጠራ አያንስም፤ ለእርሱ ግን ፓተንት አይሰጥም። ስፓንግለር በ1915 ሞተ፤ ፓተንቱ በ1925 ዘመኑ እስኪፈጸም ድረስ ለቤተሰቡ ድርሻው ይከፈል ነበር።

ይኸ መኪና የእመቤቶችን ድካም አቀለለ ወይስ አላቀለለም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሩት ሽዋርዝ ኮዋን የተባለችው አሜሪካዊት የታሪክ ሊቅ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የዚህን ዐይነት የቤት መሣሪያ ሁሉ መርምራለች። ቀድሞ ስጋጃውን ተሸክመው የሚያወጡትና የሚደበድቡት ወንዶች፣ ልጆችና አሽከሮች ነበሩ፤ መኪናው ከመጣ በኋላ ግን እመቤቲቱ ብቻዋን በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየቀኑ ትሠራው ጀመር፤ የንጽሕናውም መጠን ከፍ ስላለ ትናንት ንጹሕ የተባለው ቤት ዛሬ እድፍ ይባላል። ባሎች ይኸን ቢያነቡት መልካም ነው፤ መኪና የገዛ ሰው ከሥራው ድርሻውን የከፈለ ይመስለዋልና።

ሁቨርም ኮርቻውን ትቶ በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ ኩባንያው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በምዕራብ ሎንዶን በፔሪቬል በሚስተር ቡዝ ደጅ እጅግ ያማረ ፋብሪካ አቆመ። የሚስተር ቡዝ ኩባንያ ደግሞ ትላልቅ ሕንጻዎችንና ፋብሪካዎችን ወደ ማጽዳት አዘነበለ። እርሱም በ1955 በ83 ዓመቱ ሞተ። የሎንዶን እመቤቶች በዚያን ጊዜ ምንጣፋቸውን ሲያጸዱ «ቡዝ አደረግሁት» አይሉም ነበር፤ ስፓንግለር የሚለውንም ስም የሚያውቀው ጥቂት ነበር። «ሁቨር አደረግሁት» ይሉ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ይላሉ።