ፒያሳ ላይ ምን ሊያርስበት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደሴ ፒያሳ የነበረኝን ጉዳይ ጨርሼ ወደ ቤት ስመለስ ሰፈራችን በነጭ ጭስ ታፍኖ ጠበቀኝ። ቤታችን የተቃጠለ መስሎኝ ሮጥኩ። በር ላይ ስደርስ ግን ሕጻናቱ ይጨፍራሉ፣ ጎረቤቶች እልል ይላሉ፣ እናቴ ደግሞ ያሰጣችው ልብስ ጭስ ጭስ ስለሸተተ ትራገማለች። ወዲያው ገባኝ። የአጎቴ ትራክተር ተነስቷል!

ተነስቷል ስል ሞተሩ ተነሳ ማለቴ ነው እንጂ እሱስ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ግን ሰባት ዓመት ገደማ "ነገ ይነሳል" ሲባልለት ለኖረ ብረት ይሄም ቀላል ነገር አይደለም።

ለማታውቁት ላስረዳ። አጎቴ (ቤት ውስጥ "ጋሼ" ስለምለው እዚህም ጋሼ ልበለው) በ2011 ዓ.ም. ከአንድ ጨረታ ላይ የሞተ ትራክተር ገዝቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ ግቢያችን አስገባ። ጎማ የለው፣ ወንበር የለው፣ ቀለሙ ከዝገቱ አይለይ። ስንት እንደገዛው ብነግራችሁ የአክስቴን ልብ ዳግም እሰብራለሁና ይቅር። ሰፈሩ በሙሉ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ "ፒያሳ ላይ ምን ሊያርስበት ነው?" ጥያቄው ቀልድ ሆነ፤ ቀልዱም መጠሪያችን ሆነ። ዛሬ ለባጃጅ ሾፌር "የባለትራክተሩ ቤት" ብትሉት ሳይጠይቅ ያደርሳችኋል።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ተሳስቼ ስለነበር ነው።

ኤንትሬ ያሳደገው ሰው

ጋሼ የወጣትነት ዕድሜውን የፈጀው ኤንትሬ ላይ በረዳትነት፣ በኋላም በሾፌርነት ነው። የእኔ እኩዮች ኤንትሬን ላታውቁት ትችላላችሁ። ፊያት 682 ኤን 3 የሚባለው የጣሊያን የጭነት መኪና ነው። "ትሬ" በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ሲሆን፣ እኛ ፊደሉንና ቁጥሩን ገጥመን አንድ ስም አደረግነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የአሰብ መንገድ መገንጠያ ናት። ኤንትሬው ከዚያ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ የአፋርን በረሃ እያቋረጠ ወደብ ይወርዳል። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጋሼም ብዙ ሳይቆይ ከመኪና ወርዶ ጋራዥ ገባ።

በረሃ ላይ መኪና ሲበላሽ ስልክ ደውሎ መካኒክ መጥራት አልነበረም። ሾፌርና ረዳት ራሳቸው ፈትተው፣ ራሳቸው ጠግነው፣ ራሳቸው ይገጥማሉ። የጎደለውን ዕቃ ከሌላ ዕቃ ይሠሩታል። ይህ ዕውቀት በየትኛው ትምህርት ቤት ተሰጠ? በየትኛውም! ከእጅ ወደ እጅ፣ በኩርኩምና በስድብ ነው የተላለፈው።

ቋንቋውን ስሙት እስቲ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ… ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። "ፒያሳ" ራሱ ጣሊያንኛ አይደል? ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀረ፤ የእኛ ሰዎችም የራሳቸው አደረጉት። እኔ አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ስማር ስለ ቃላት ብዙ ተነግሮኛል። እነዚህን ቃላት የሰበሰበ ግን አላጋጠመኝም። ቃላቱ የሚኖሩት ደግሞ ብረቱ እስካለና ብረቱን የሚፈታ ሰው እስካለ ድረስ ነው።

ለመሆኑ ብረቱ ማን ነው?

ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ቤት በተቀመጥኩበት ወቅት (ግቢው ውስጥ ያለ ሥራ የቆምነው እኔና ትራክተሩ ብቻ ነበርን) ጋሼ "አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ መብራት ያዥልኝ" ይለኝ ጀመር። የስልኬን ባትሪ እያበራሁ ስንት ቀን እንደቆምኩ አላውቅም። አንድ ቀን በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ሰጥቶኝ አንዲት ዝገት የበላት ሳህን አስፈተገኝ። ጽሑፉ ቀስ እያለ ወጣ፦ ማሲ ፈርጉሰን 135።

ጋዜጠኛ ስም ካገኘ አይተኛም፤ ማንበብ ጀመርኩ። 135 እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ የወጣ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት፣ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ትንሽ ትራክተር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኮቨንትሪ ከተማ ይሠራ ነበር። "ፈርጉሰን" የሚለው ስም የሰሜን አየርላንዱ የገበሬ ልጅ የሃሪ ፈርጉሰን ነው። ይህ ሰው ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር አያይዞ በሃይድሮሊክ የሚያነሳና የሚያወርድ ዘዴ ፈጠረ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ትራክተር ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል። ኤቨረስት ተራራን የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚሁ በፈርጉሰን ትራክተሮች ነው። ይህን ለጋሼ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና "አብሽሪ፣ የጦሳን ዳገትም ይወጣል" አለኝ።

ጥገናው ምን ይመስል ነበር? ሞተሩ ለዓመታት ቆሞ ስለነበር ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀው ነበር። እንዲህ ያለውን በጉልበት ማዞር መስበር ነው። ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ ከላይ ጨመረበትና ሳምንታት ጠበቀ። በየማለዳው እየሄደ ትንሽ ይሞክረዋል፤ እምቢ ሲለው ትቶት ቡናውን ይጠጣል። አንድ ጠዋት የጣት ስፋት ያህል ዞረ። ከዚያ ፋሻው፣ ጋስኬቱ፣ የናፍጣ መርጫዎቹ በየተራ መጡ። ገበያ ላይ የጠፋውን ቁራጭ የድሮውን አሳይቶ ቶርኖ ቤት አስቀረጸው። ሁሉ ነገር ተገጥሞም አልነሳ አለ። ለካ ናፍጣ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ ኖሯል። ቡሎኑን ላላ አድርጎ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ ማስተንፈስ ነበረበት።

እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት መካኒክነት አይደለም። ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ለምን እንደተበላሸ መጠየቅን ነው። እኛ ሀገር ይህ ልማድ የተትረፈረፈ አይመስለኝም።

የተቀበረው ፓምፕ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማገባደጃ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከቤት ከመውጣታችን በፊት ሁሉም የሚይዘውን ሲይዝ ጋሼ የትራክተሩን የናፍጣ ፓምፕ ፈትቶ፣ በጨርቅና በላስቲክ ጠቅልሎ ጓሮ ቀበረው። አክስቴ እየጮኸች ነበር። እኔም በጣም ተናድጄበት ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ከተማው ነጻ ወጥቶ ስንመለስ ቤቱ ተራቁቶ አገኘነው። ቴሌቪዥኑም፣ ፍራሹም፣ የጋሼ የመፍቻ ሳጥንም የለም። ትራክተሩ ግን አለ፤ ያን የሚያክል ብረት ማን ይሸከመዋል? ባዶውን ቤት ሲያይ አንዲት ቃል ያልተነፈሰው ሰውዬ ጓሮ ቆፍሮ ፓምፑን በደህና ሲያገኘው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ያኔ ነው "ምን ሊያርስበት ነው?" የሚለው ጥያቄ ለእኔ ቀልድነቱ ያበቃው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና የደሴ ሆስፒታል ምን ውድመት እንደደረሰባቸው እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን። ስለ መልሶ ግንባታ ብዙ ስብሰባ ተደርጓል። መልሶ ግንባታ ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ግማሽ ዕቃው የጠፋበትን ማሽን ከፍቶ፣ "ይሄ ይድናል፣ ይሄ አይድንም" ብሎ የሚፈርድ ዓይን ይፈልጋል። ያ ዓይን የሚሠለጥነው የሞተ ብረት ላይ፣ ማንም ሳያጣድፍ፣ ተሳስቶ በመማር ነው። በሌላ አነጋገር እኛ በምንስቅበት ዓይነት ሥራ ላይ።

"ጊዜ ማሳለፊያ"

ለእንዲህ ያለው ነገር በአማርኛ ያለን ስም "የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ" ነው። ስሙ ራሱ ይበድላል። ጊዜው ትርፍ ነው፣ ሥራውም ያንን ትርፍ አሳልፎ መጣያ ነው እንደማለት። ካርታ ሲጫወት ለዋለ ሰው ማንም "ምን ልታርስበት ነው?" አይለውም።

በውጭው ዓለም ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የድሮ የጓሮ ትራክተር ማደስ የብዙ ሺህ ሰዎች ፍቅር ነው። ሣር ለማጨድና አትክልት ቦታ ለማረስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጡትን ትንንሽ ትራክተሮች፣ ለምሳሌ የ1961ዱን ከብ ካዴት ወይም የ1963ቱን ጆን ዲር 110፣ ከየጎተራው አውጥተው፣ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈትተው መልሰው ይሠሯቸዋል። ቀለም እንቀባው ወይስ ያረጀበትን መልክ ይዞ ይቅር በሚል ይከራከራሉም። (ጋሼ በዚህ ጉዳይ አቋም አለው። ኮፈኑን ቀይ ቀብቶ አንዱን ፓራፋንጎ እንደዛገ ተወው፤ "ከየት እንደመጣ እንዳይረሳ" ነው የሚለው።)

ነገሩ ናፍቆት ብቻም አይደለም። አዲሱ ትራክተር በኮምፒውተር ተቆልፎ ስለሚመጣ ባለቤቱ ራሱ እንዳይጠግነው ሆኗል። የአሜሪካ ገበሬዎች ለዓመታት ጮኸው የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ገበሬ የራሱን የእርሻ መሣሪያ የመጠገን መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ሀብታሞቹ በሕግ የሚለምኑት መብት እኛ ዘንድ በየጋራዡ በነጻ አለ ማለት ነው፤ እኛ ግን እንንቀዋለን። እኛም ብንሆን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየገባን ነው። እሱንም ቢሆን የሚከፍት ሰው ካላፈራን እያንዳንዱ ብልሽት የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ይሆናል።

አውቃለሁ፣ ትሉኛላችሁ

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ዳቦ አጥቶ አንቺ ስለ አሮጌ ትራክተር ታወሪያለሽ?" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጋሼ ለዚህ ብረት ያወጣው ገንዘብ ለቤቱ ይጠቅም ነበር፤ ያንን አልክድም፣ አክስቴም እንድክድ አትፈቅድልኝም። አሮጌ ሞተር እንደሚያጨስና ናፍጣ እንደሚጠጣም አልክድም። ገበሬው በሙሉ በአሮጌ ትራክተር ይረስም አላልኩም።

የምለው ሌላ ነው። በደርግ ዘመን ለመንግሥት እርሻዎች የመጡት፣ በሶቪየት እርዳታ ናዝሬት የተገጣጠሙት የቤላሩስ ትራክተሮች፣ ከዚያ በፊት የገቡት ማሲ ፈርጉሰኖችና ፊያቶች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ሣር በቅሎባቸው ይታያሉ። ተራቸው ሲደርስ በጨረታ ይወጡና በኪሎ ተመዝነው ወደ ማቅለጫ ይሄዳሉ። በሌላ በኩል የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ሞተርን በሥዕል አይቶ ይመረቃል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ማገናኘት ይህን ያህል ይከብዳል? ከአሥሩ አንዱን ከሚዛኑ በፊት አውጥቶ ለአንድ ኮሌጅ፣ ወይም እዚሁ ኮምቦልቻ ላለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም መስጠት ነው። አንድ ጋሼን የመሰለ ጡረተኛም አብሮ መስጠት ነው። ደመወዙ ቡናና አድማጭ ቢሆን አይከፋውም።

ጋሼ ቅዳሜ ዕለት ሞተሩን ያስነሳው ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ናፍጣ ውድ ነው አለና አጠፋው። ከዚያ የሰፈሩን ጎረምሶች ጠርቶ ለምን ነጭ ጭስ እንዳወጣ ጠየቃቸው። ማንም አላወቀም። "እንግዲያው ነገ ኑ" አላቸው። እሑድ ሦስቱ መጡ።

እኔ ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የቆመ አሮጌ ሞተር፣ የውኃ ፓምፕ ወይም ወፍጮ ካለ፣ "ቁራሌው!" የሚለው ድምፅ በር ላይ ሲመጣ ወዲያው አትጥሩት። መጀመሪያ ስሙ የተጻፈባትን ሳህን ጠርጋችሁ ፎቶ አንሷት፤ ቀጥሎም የሚያውቀውን ሽማግሌ "ይሄ እንዴት ነበር የሚሠራው?" ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ብትሸጡትም አልከፋም። የሽማግሌውን መልስ ግን በኪሎ የሚገዛ የለም፤ ጻፉትና እኛም እናንብበው።