በፈንገስ ክትባት ሙከራ ላይ ስለሚውሉ እንስሳት ከእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የተሰጠ የአቋም መግለጫ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ቅድሚያ ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን ዘርዝሮ ይፋ ሲያደርግ ለአንዳቸውም ለሰው የሚሰጥ ፈቃድ ያገኘ ክትባት አልነበረም። ክሪፕቶኮከስ የሚያመጣው የማጅራት ገትር ግን ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸውን ወገኖች ዛሬም ይገድላል። ስለዚህ ማኅበራችን በእንስሳት ላይ የሚደረገው ሙከራ ጨርሶ ይቁም አይልም። ቅሬታችን በአሠራሩ ላይ ነው።

በተለመደው ሙከራ አይጧ ከተከተበች በኋላ በጅራቷ የደም ሥር የካንዲዳ ፈንገስ ትወጋለች። ፈንገሱ ኩላሊቷን ያጠቃል፤ ፀጉሯ ይቆማል፣ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ ትከሳለች። ከዚያ ስንቶቹ በስንተኛው ቀን እንደሞቱ ይቆጠራል። የክትባቱን ፍቱንነት ለማወቅ ግን ሞትን መጠበቅ ግድ አይደለም፤ በኩላሊት ውስጥ ያለውን የፈንገስ መጠን መለካት ይቻላል። ሞትን መለኪያ ማድረግ እንዲቀር፣ ክብደቷ አስቀድሞ ከተወሰነው በታች የወረደ አይጥም ያለ ሥቃይ እንድትሞት እንጠይቃለን።

የአይጥ ውጤት ለሰው ዋስትና እንዳልሆነም ይታወቅ። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃማ አካባቢዎች ለሚታየው የሸለቆ ትኩሳት በፎርማሊን ከተገደለ ፈንገስ የተሠራው ክትባት አይጦችን ከሞት ቢያድንም፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰው ላይ ሲሞከር የረባ ጥበቃ አላሳየም። በአንጻሩ በሶቪየት ኅብረት ተሠርቶ ኖርዌይም የተጠቀመችበት የከብት ጭርት ክትባት በሽታውን በእጅጉ ቀንሶታል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጋሪ ፈረሶቻችን እግር ላይ በመስመር ተደርድሮ የሚያብጠውና መግል የሚያፈሰው ቁስል መንስኤው ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስ ነው። ቁስሉ በማሰሪያው ሲታሽ ዝንብ ይወርረዋል፤ ሕክምናው ረጅምና ውድ በመሆኑ አንዳንዱ ባለጋሪ ፈረሱን መንገድ ላይ ይለቀዋል። ባለጋሪውን አንኮንንም፤ የዕለት እንጀራው ነው የተቋረጠበት። ለዚህ በሽታ የሚሠራ ክትባት በራሱ በፈረሱ ላይ እንዲሞከር እንደግፋለን። ሆኖም ባለቤቱ አውቆ ይስማማ፣ ፈረሱ ሥራ ለሚፈታባቸው ቀናት ካሣ ይከፈለው፣ ሕመም ማስታገሻም አይጓደል።

የምርምር ተቋማት ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ውጭ አንድም እንስሳ እንዳይነኩ፣ ያልተሳካውንም ሙከራ ውጤት እንዲያሳትሙ እንጠይቃለን። ያልታተመ ክሽፈት ሌላ ቤተ ሙከራ ያንኑ ሙከራ እንዲደግምና ሌሎች እንስሳትን በከንቱ እንዲገድል ያደርጋል።