ሙዝ የሌለበት ፎቶ

ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሲያብብ ካሜራዎቻችሁም ከመሳቢያ ይወጣሉ። በዚህ ወር የላካችሁልን የእንስሳትና የተፈጥሮ ፎቶዎች ከወትሮው በዝተዋል፤ አብዛኞቹም በስልክ የተነሱ ናቸው። ዛሬ በሦስቱ ላይ እንነጋገር።

የመጀመሪያው ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የመጣ ነው፤ ሳር የሚነጭ የጭላዳ መንጋ። ጭላዳ በዱር የሚኖረው በአገራችን ብቻ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ቁጭ ብሎም ሳሩን በጣቶቹ እየነጨ ይበላል። ፎቶውን የላኩልን አባት እሳቸውም መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነው ያነሱት፤ ፎቶውን ያሳመረውም ይኸው ነው። ከላይ ወደ ታች የተነሳ እንስሳ ትንሽና ሩቅ ይመስላል። በዐይኑ ትይዩ ሲነሳ ግን ፊቱ ይናገራል። በስልክ ስታነሱ ጣታችሁን የእንስሳው ዐይን ላይ አሳርፉ፤ ፎከሱ እዚያ ይያዝ። ሰዓቱንም ምረጡ፦ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ። በቀትር ፀሐይ የጭላዳ ጥቁር ፊት ጥላ ብቻ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጭላዳ ቅንድቡን ሽቅብ ስቦ ነጣ ያለውን የዐይኑን ቆብ ካሳየ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሽሹ።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ ቤት ግቢ ነው። እሬት አበባ ላይ ያረፈች ትንሽ ወፍ፣ ክንፏ ግን ደብዝዟል። ካሜራ ላላችሁ መፍትሔው ሹተር ስፒዱን 1/1000 ወይም ከዚያ በላይ ማድረግ ነው። በስልክ ከሆነ ደግሞ ተከታታይ ፎቶ የሚያነሳውን አማራጭ ተጠቀሙና ከሃያው አንዱን ምረጡ። ዙም አታብዙ፤ ከሌንሱ አቅም በላይ የተሳበ ፎቶ ይፈርሳል። ከሁሉም በላይ ወፏን አትከተሏት፤ አበባው አጠገብ ጠብቋት። ማር የምትመጥ ወፍ ወደ ቀመሰችው አበባ መመለሷ አይቀርም።

ሦስተኛውን ፎቶ አላተምነውም። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የመጣ ነው። አንድ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ለጉሬዛ ሙዝ ይሰጣል፤ ብርሃኑ ያማረ፣ የልጁም ሳቅ ደስ የሚል ነው። እናቱን ለማስቀየም አይደለም፤ ሁላችንም ልጆቻችን ከእንስሳ ጋር ሲጫወቱ ማየት ደስ ይለናል። ነገር ግን ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ሆዱ ቅጠልን ቀስ በቀስ አብላልቶ ለመፍጨት የተሠራ ስለሆነ ጣፋጭ ነገር አይስማማውም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ደግሞ ነገ የሚሰጠው ሲያጣ ይቀማል፣ ይቧጭራል፣ ይነክሳል። የሚቀማው የእናንተን ልጅ ባይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ቤተሰብ ልጅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ድንጋይ የሚወረወረው በእንስሳው ላይ ነው። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይመጣም።

ታዲያ ጉሬዛን እንዴት እናንሳ? የሚበላበት ዛፍ ሥር ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ፀጉሩ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ካሜራው ይደናገራል፤ ነጩን ክፍል ነክታችሁ ብርሃኑን በጥቂቱ ቀንሱት። ልጃችሁንም ሥራ ስጡት፤ ጉሬዛው ስንት ቅጠል እንደቀነጠሰ ይቁጠር። ሙዝ ከመስጠት ይልቅ በዚህ ብዙ ይማራል።

በየትኛውም ቦታ የሚያገለግል አንድ መለኪያ አለ፦ እንስሳው የሚሠራውን ትቶ ወደ እናንተ ካየ፣ ከሚገባው በላይ ቀርባችኋል። ይህ በባሌ፣ በሳነቴ አምባ ላይ ከሁሉም ይበልጥ ይከብዳል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድነው በቀን፣ እያደባ ነው። አንድ መኪና ሙሉ ሰው ወርዶ ሲከተለው ፍልፈሉ ጉድጓድ ይገባል፤ ቀበሮውም ምሳውን ያጣል። ከመኪና ሳትወርዱ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ክንዳችሁን መስኮቱ ላይ አስደግፋችሁ አንሱ። እጃችሁም አይንቀጠቀጥም፣ ቀበሮውም ሥራውን አይተውም።

ለሚቀጥለው ወር የግቢያችሁን ወፎች እንጠብቃለን። የትና በስንት ሰዓት እንዳነሳችኋቸው ጻፉልን። ጎጆና ጫጩት ግን ይቅርባችሁ፤ እናቲቱ እናንተን ፈርታ በራቀች ቁጥር ጫጩቶቹ ለብርድና ለአሞራ ይጋለጣሉ። መልካም ወር!