ጀማሪው ይናገር፤ ሊቁም ይስማ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ነገር ግን ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ተረቱን ገልብጠው፥ ያልጠመጠመ አይናገር ወደ ማለት ደርሰዋል። የቋንቋ፥ የታሪክ፥ የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ጀማሪ ተመራማሪዎች በየጊዜው ተሰብስበው ገና ያላለቀ ሥራቸውን እያነበቡ የሚከራከሩበት ጉባኤ ይቋቋም ሲባል፥ «ያልበሰለ ነገር በአደባባይ ማቅረብ ነውር ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። እኛ ግን ይህ አሳብ ለትምህርትም ለአገርም የማይበጅ መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን።

አስቀድሞ፥ እንዲህ ያለው ጉባኤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤታችንን ሥርዓት መመልከት ይበቃል። የቅኔ ተማሪ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ዝም በል አይባልም፤ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ስሕተቱን እየነቀሰ ያቀናለታል። በዚያ ቦታ መታረም ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መናገር ነው። የአንድምታ ሊቃውንትም «አንድም» እያሉ የተለያየውን አሳብ ጎን ለጎን አኑረው አቆዩልን እንጂ፥ አንዱን ተናጋሪ አድርገው ሌላውን አላስጨነቁም። ጌታችንም በ12 ዓመቱ በመምህራን መካከል ተቀምጦ መጠየቁን ወንጌላዊው ሉቃስ ይነግረናል።

የውጭ ምስክር ለሚሻ ደግሞ ጀርመናዊውን ኢዮብ ሉዶልፍን እንጠቅሳለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1624 ተወልዶ፥ በ1649 በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሲገናኝ 25 ዓመት ያህል የሆነው ጎልማሳ ነበረ። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ግን «ገና ልጅ ነህ» ብለው አልመለሱትም፤ በ1652 ወደ ጎታ ሄደው በጥያቄና በመልስ ስለ ቋንቋችንና ስለ አገራችን አስረዱት። በ1661 የታተሙት የሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ስሕተት ስለ ነበረባቸው፥ መዝገበ ቃላቱን በ1699፥ ሰዋስውን በ1702 አርሞ እንደ ገና አሳተመ። እንግዲህ የአውሮፓ የግእዝ ትምህርት መሠረት የተጣለው በሁለት ሰዎች ውይይት ነው፤ ሊቁም ሊቅ የተባለው ሳይሳሳት ቀርቶ ሳይሆን እስከ እርጅናው ድረስ ስለ ታረመ ነው።

«አሳባችን ይሰረቃል» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው፥ ሌባ የሚደፍረው በጨለማ ያለውን ነው የሚል ነው። በማኅሌት በሕዝብ ፊት የተነገረ ቅኔ የማን እንደ ሆነ ሰሚው ሁሉ ያውቀዋል፤ በጉባኤ ፊት የተነበበ ጥናትም ምስክሩ ብዙ ነው። በሳጥን የተቆለፈው ግን ቢሰረቅ ባለቤቱን የሚያውቅለት የለም።

ነገሩ የሚያስቸኩል መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008፥ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፥ 30 ከመቶው ወደ ማኅበራዊና ሰብአዊ ትምህርት እንዲመደቡ ተወስኖ ነበር። ሳይንስ ይስፋፋ መባሉን አንቃወምም። ነገር ግን የታሪክና የቋንቋ ተመራማሪዎች ጥቂቶች ከሆኑ፥ ጥቂቶቹ ተለያይተው ሊሠሩ ይገባልን? ወጣቱ ዓመታት ለብቻው ደክሞ፥ ጽሑፉን በጥቂት ፈታኞች ፊት አንድ ቀን ተከላክሎ፥ ከዚያ በኋላ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣበት፥ ያን ስሕተት ሌላው ወጣት መልሶ ይሠራዋል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። በየወሩ አንድ ቀን ይወሰን፤ አንዱ ያንብብ፥ ሌላው ይቃወም፥ ሦስተኛው የተባለውን ይጻፍ። ፕሮፌሰሩ ሊፈርድ ብቻ ሳይሆን ሊሰማም ይምጣ። የብራና መጻሕፍትን የሚያጠና ወጣት ሲያነብም የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን ይጠሩ፤ ሳይጠሯቸው ስለ መጽሐፋቸው መጻፍ ባለቤቱን በደጅ አቁሞ ስለ ቤቱ እንደ መከራከር ነውና።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ላሉን ወንድሞቻችንም፥ ካልተናገሩ ደጅአዝማችነት ይቀራል የሚለውን የአባቶችን ተረት እናስታውሳቸዋለን። ከዝም ባለ አፍ ዝንብ ባይገባም፥ ትምህርትም አይወጣምና።