የቁልቁለቱ መካኒክ



ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ደብረ ሲና ከጣርማ በር ቁልቁለት ሥር ናት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረውን ዋሻ አልፎ የሚወርድ የጭነት መኪና በከባድ ማርሽ ካልተያዘ ፍሬኑ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ያርራል።

የዚህ እትም መሪ ጽሑፍ በዚያ መንገድ ዳር ዕድሜያቸውን የፈጸሙ አንድ መካኒክ መታሰቢያ ነው። ጸሐፊዋ ልጃቸው ናት። ከፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሥር ተንጋለው ሲሠሩ ካቻቢቴና ፒንሳ ታቀብላቸው ነበር። እሳቸው በማሽተት ብቻ የትኛው ጎማ እንደጋለ ይለዩ ነበር፤ ገንዘብ ያጠረውን ሹፌር ደግሞ «ስትመለስ ትሰጠኛለህ» ብለው ይሸኙ ነበር።

እኛ ባለሙያን የምናመሰግነው ለቅሶ ላይ ነው። እስቲ በየከተማችሁ በሕይወት ስላሉት ጻፉልን።



አዘጋጁ